ቀያሾቹ አንደኛ ዲቪዚዮን የገቡበት ዓመት

ኮልፌ፣ ሰኔ 22 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ አብደላ፣ ጅዳ

የአላህ ሰላም ካሉበት ይድረስዎ። ሙቀቱ በረታብኝ ብለው ከጻፉልን ጀምሮ ሰብሪያም እኔም በየሶላታችን እናነሳዎታለን። እኛ ደህና ነን፤ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼም ትምህርት ተዘግቶ እቤት ናቸው። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶ የኮሌጁ ሜዳ ከወዲሁ ጭቃ ሆኗል።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለጤና ብቻ አይደለም። ባለፈው እሑድ ቡድናችን ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አለፈ። እርስዎ ከአገር ሲወጡ ይህ የቅየሳ ኮሌጅ ገና አጥሩ እንኳ አልተዘጋም ነበር። በስፖርት አስተማሪነት ስቀጠር የሰጡኝ አንድ ኳስና የመጋዘን ቁልፍ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የቅየሳ መሣሪያ ተሸክመው ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉትን ልጆች ከትምህርት በኋላ እየሰበሰብኩ አሠለጠንኳቸው። የኮልፌ ሰው «ቀያሾቹ» ይላቸዋል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ለመውጣት ብዙ ዓመት ፈጀብን፤ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ግን እኔም ሳልጠብቀው በአንድ ጊዜ ሆነ።

በመጨረሻው ጨዋታ የገጠመን የአንድ ፋብሪካ ቡድን ነበር። ለእነሱ አቻ መውጣት ይበቃቸዋል፤ እኛ የግድ ማሸነፍ ነበረብን። ልጅዎ ጀላል በቀኝ ክንፍ ጭቃውን ጥሶ ሄዶ ያሻገራትን ኳስ ከጌዶ ከተማ የመጣው ቦሩ የሚባል ልጅ በጭንቅላቱ አገባት። ዘይነባን አላህ ይማራትና፣ ይህን ሳታይ መቅረቷ ቆጨኝ። እናቱ አርፋ፣ እርስዎም ወደ ጅዳ ሲሄዱ እኔ ዘንድ ያኖሩት ያ ዝምተኛ ልጅ አሁን በቁመት በልጦኛል።

ተማሪዎቹ ተሸክመው እስከ ኮልፌ ገበያ ወሰዱኝ። ዲሬክተራችን አቶ ገብረወልድም ንግግር አደረጉ፤ ከርሞ የምንጫወተው በትልቁ ስታዲየም ነው አሉ። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ የጫማዬን ጭቃ እያራገፍኩ፣ ከዚህ በኋላ ስለሚመጣው አንድም ቀን አስቤ እንደማላውቅ ተሰማኝ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ደክሞኛል።

ሰብሪያ ሰላም ትልዎታለች። በጤና ያቆይዎ።

የአክስትዎ ልጅ ሰይፈዲን


ጅዳ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሰይፈዲን

ሰላምህ ይብዛ፤ ቤትህን በረካ አይለየው። ደብዳቤህ የደረሰኝ ጋራዥ ውስጥ የውሃ ቦቴ ሥር ተኝቼ ስሠራ ነው። እስክወጣ አልታገሥኩም፤ እዚያው እንደ ተጋደምኩ አነበብኩት። ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ፈሶ የመጨረሻውን መሥመር አጥፍቶብኛል፤ ደህና ይሁኑ ያልከኝ መስሎኛል።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የኮልፌና የመርካቶ ሰዎች የምንገናኝበት ቦታ አለ። እዚያ ለሁሉም አወራሁ። አንዱ፣ የኮሌጅ ልጆች አንደኛ ዲቪዚዮን ገብተው አይከርሙም ቢለኝ እስካሁን ሰላም አላልኩትም።

የጀላልን ፎቶግራፍ ማሊያውን እንደ ለበሰ አስነሥተህ ላክልኝ። የእግሩን ቁጥርም ጻፍልኝ፤ እዚህ ጥሩ ታኬታ ይሸጣል። አንበል ብታደርገውም ደስ ይለኛል። በሥራህ ልግባብህ ብዬ አይደለም። ትቼው ስመጣ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ድምፁን ብሰማ አላውቀውም። ሰው ስሙን ሲጠራው ብሰማ ግን እዚህ የቆየሁት ለከንቱ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

እኔ ደህና ነኝ። አልፎ አልፎ ወገቤን ይይዘኛል፤ የሥራው ጠባይ ነው። ሰብሪያንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ አብደላ


ኮልፌ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ አብደላ

እንደምን ሰነበቱ? ረመዳን ደርሷል፤ ጾሙን አላህ ያግራልዎ። ፎቶግራፉን ሳልልክ የቆየሁት ረስቼ አይደለም። ታኬታውንም ገና ካልገዙ ይተዉት።

የኮሌጁ ቦርድ ክረምቱን ሲሰበሰብ ከረመ። አንደኛ ዲቪዚዮን የጎልማሶች ጨዋታ ነው፤ ስማችን በጋዜጣ ይወጣል፤ መዋረድ የለብንም ተባለ። ከታወቁ ክለቦች ሰዎች መጥተው በአጭር ኮርስ ተማሪነት እንዲመዘገቡና እንዲጫወቱ ተወሰነ። ከዚያ አቶ ገብረወልድ አስጠሩኝ። «ሰይፈዲን፣ እነዚህ ልጆች አወጡን፤ ግን እዚያ አያቆዩንም» አሉኝ። ልከራከራቸው አፌን ከፈትኩ፤ እውነት ስለ ነበር ዘጋሁት። ከስታዲየሙ ቡድኖች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ሞክረን በየጊዜው ምን እንደ ደረሰብን እኔው አይቻለሁ።

ስድስት ልጆች እንድቀንስ ታዘዝኩ። አምስቱ ግልጽ ነበሩ። ለመጨረሻው ቦታ የቀሩት ጀላልና ቦሩ ናቸው። ከሁለቱ ጀላል ይሻላል። ነገር ግን ቦሩን አውጥቼ ጀላልን ባስቀር፣ ኮልፌ ሁሉ ዘመዱን አስቀረ እንደሚል አወቅሁ። ከዚያም በላይ ቦሩ በዚህ ከተማ ማንም የለውም። የጀላልን ስም አወጣሁ። ለቦርዱ የነገርኩት ሌላ ምክንያት ነው፤ ለእርስዎ ግን እንዳለ ጻፍኩት።

ለልጁ የነገርኩት ከቅየሳ ልምምድ ሲመለስ፣ መሣሪያውን ከትከሻው ሳያወርድ ነው። ስለ ኳስ አንድም ቃል አላነሳም። «ትምህርቱስ?» ብቻ አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። አልጋና ምግብ የተሰጣቸው በተጫዋችነታቸው ስለ ነበር አልጋው ለአዲሶቹ ሊሰጥ ነው፤ በኮሌጁ ደንብ ደግሞ የኮሌጁ አልጋ የሌለው ተማሪ አይመዘገብም፤ እኔ ዘንድ ቢያድርም አይቆጠርለትም። ለዲፕሎማው የቀረው ይህ አንድ ዓመት ነው። ምን እንደማደርግ ገና አላወቅሁም። ዱዓዎን አይንፈጉኝ።

ሰይፈዲን


ኮልፌ፣ ኅዳር 21 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሽ አብደላ

ዒዱ በደህና አልፎልዎ እንደሆነ ተስፋዬ ነው። መልስዎ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሣጥኑን ከፍቼ እጄን እስከ ጥጉ እሰዳለሁ። ከተቆጡብኝ ቁጣዎን ይጻፉልኝ፤ ዝምታዎ ይከብደኛል።

የልጆቹን ነገር ልንገርዎ። አቶ ገብረወልድ ዘንድ ገብቼ ተማሪነታቸው እንዳይነካ ለመንኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ከአፋቸው የሚወጣው አልጋ የለም የሚል ብቻ ሆነ። ወጥቼ ግቢውን ዞርኩና ተመልሼ ገባሁ። «እኔ ያለሁበት ቤት ሁለት ክፍል አለው» አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ኮሌጁ ለአስተማሪነቴ የሰጠኝን ቤት ለስድስቱ ልጆች እንደምለቅ ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ኋላ፣ አልጋ ካለ ምግቡ ከተማሪዎቹ ምግብ ቤት ይሆናል ብለው ፈቀዱ። ሁሉም ተመዝግበዋል።

ሰብሪያን አላማከርኳትም ነበር። ስነግራት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። ለጥቂት ቀን አኮረፈችኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ተነሥታ መጋረጃዎቹን ማውረድ ጀመረች። አሁን አስኮ፣ ወዬሳ የሚባል አናጢ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይተናል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ትምህርት ቤታቸው ራቀባቸው። እኔም አውቶቡስ ሞልቶ ሲያልፈኝ በእግሬ እመጣለሁ። ጀላል ባደገበት ክፍል ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ይተኛል።

ቡድኑ መጫወት ጀምሯል። አዲሶቹ ሰዎች ጎበዞች ናቸው፤ ኳሱን እኛ በማናውቀው መንገድ ያንሸራሽሩታል። ግን ለልምምድ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይቀራል። እስካሁን አላሸነፍንም። ቦሩ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። አንድ ቀን፣ ጀላል በእሱ ቦታ ቢሆን ይሻል እንደ ነበር ራሱ ነገረኝ።

ይጻፉልኝ።

ሰይፈዲን


ጅዳ፣ የካቲት 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለአቶ ሰይፈዲን፣ ኮልፌ

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። ይህን የላክሁት ከሐጅ በሚመለሱ የሰፈራችን ሰው እጅ ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኝ ነበር።

ቤትዎን ለልጆቹ ለቀዋል፤ አላህ ይክፈልዎ። ግን አንድ ነገር ልናገር። ልጄን ስሰጥዎ እንደ ራሴ ልጅ አየዋለሁ ብለውኝ ነበር። አልዋሹም፤ የአብራክዎ ልጅ ቢሆንም ያወጡት ነበር። እኔ ግን አደራ ያልኩዎት ለዚህ አልነበረም። ጀላል የባዕድ ልጅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማሊያውን እንደ ለበሰ ነበር። ሰው እንዳያማዎ ሲሉ የእኔን ልጅ ሰጡ።

ዓርብ ዓርብ ወደ ሰዎቹ መሄድ ትቻለሁ። ስለ ቡድኑ ሲጠይቁኝ የምለው የለኝም።

ልጁን ይላኩልኝ። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ከእኔ ጋር ይሠራል። የጉዞ ጉዳዩን ከሰኔ በፊት ያስጨርሱለት፤ ምጽዋ ላይ ተቀብሎ መርከብ የሚያሳፍረው ሰው አዘጋጃለሁ። ከዚህ ሌላ የምጠይቅዎ የለም።

አብደላ


ኮልፌ፣ የካቲት 30 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ አብደላ

ሰላምዎን እመኛለሁ። ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» ሲሉኝ ኖረው «እርስዎ» ብለው መጻፍዎ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ተሰማኝ። በጻፉት ላይ ግን አልከራከርም። ያሉት ልክ ነው፤ ሐሜት ፈርቻለሁ። ያን ቀን ቢመለስ ምን እንደማደርግ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ፤ ቦሩንም አየዋለሁና።

ደብዳቤውን ለጀላል ሰጠሁት። ከቤቱ ደጃፍ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አነበበው፤ እጥፉን መልሶ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከሁለት ቀን በኋላ አስኮ ድረስ መጣ። ሰብሪያ ምሳ አቅርባለት እህሉን ሳይነካ፣ «ኳሱን ሲነጥቁኝ ዝም አልኩ። ትምህርቱን ግን አባቴም ቢሆን አይነጥቀኝም» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እርስዎ ድምፁን አላውቀውም ብለው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ቁርጥ የእርስዎን ይመስል ነበር።

እስከ ሐምሌ ይታገሡት። ለዲፕሎማው ፈተና የቀረው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ልሂድ ቢልዎ እኔ ራሴ ምጽዋ ድረስ አደርሰዋለሁ።

የእኔን ነገር ከጠየቁኝ፣ ቡድኑ አዲስ አሠልጣኝ መጥቶለታል። ሲገባ ሰላም ብሎኝ የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። እኔ ወደ ጂምናስቲክ ትምህርቴ ተመልሻለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶኝ ነበር። አሁን ከሰዓት በኋላ ምን እንደምሠራ ስለማላውቅ ግቢው ውስጥ እዞርና የልጆቹን ቤት አንኳኩቼ ሲያጠኑ እቀመጣለሁ።

ጤናዎን ይጻፉልኝ። ስለ ወገብዎ ካነሱልኝ ቆይተዋል።

ታናሽዎ ሰይፈዲን


ጅዳ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰይፈዲን

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለሰብሪያ፣ ሰላም ለልጆችህ።

ጀላል ያለውን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን፣ እኔ በእሱ ዕድሜ ለአባቴ እንዲህ ብዬ ብመልስ ኖሮ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ባልተገኘሁ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ስለ ወገቤ ጠይቀኸኛል። ካለፈው ክረምት ማብቂያ ጀምሮ መኪና ሥር መግባት አልችልም። ጎንበስ ካልኩ ሰው ይዞ ካላነሳኝ አልነሳም። ባለ ጋራዡ የቆየ ሰው ነው ብሎ አላባረረኝም፤ ቆሜ ለሌሎቹ መሣሪያ አቀብላለሁ። ይህን ያልጻፍኩልህ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው። ልጁን የፈለግሁት ለኳስ ስሙ አልነበረም፤ ሥራ ላስገባው ብዬም አይደለም። ጠዋት ስነሳ እጄን ይዞ የሚያነሳኝ ሰው ቢኖር ብዬ ነው። በደብዳቤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ስለ ከበደኝ ኳሱን ምክንያት አድርጌ ተቆጣሁህ።

ፈተናውን ይፈተን። ከዚያ በኋላ ያለውን ለእሱ ትቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ አሳየው ወይም አታሳየው፤ አንተ እንደ መሰለህ አድርግ።

አብደላ


አስኮ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ አብደላ

አላህ አቅምዎን ይመልስልዎ። ደብዳቤዎን ለጀላል አሳየሁት። አንብቦ ወደ ሜዳው ወጣና ጎሉ ጀርባ ብቻውን ቆመ። አልተከተልኩትም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

አሁን የሆነውን ሁሉ በተራ ልንገርዎ።

ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑ ከግርጌ ቀረ። በአንደኛ ዲቪዚዮን ለመቆየት የመጨረሻውን ጨዋታ ማሸነፍ ነበረበት። ከክለቦቹ የመጡት ሰዎች ግን ቡድኑ መውረዱ እንደማይቀር ሲያዩ ግማሾቹ ለከርሞ ሌላ ቦታ ተነጋግረው ልምምድ ትተዋል። አሠልጣኙ ለማሰለፍ የሚበቃ ሰው አጣ። በጨዋታው ሳምንት አቶ ገብረወልድ ራሳቸው ወደ ልጆቹ ቤት መጡ። እኔ ሲያጠኑ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። ዲሬክተሩ ክፍሉን፣ የተደረደሩትን ፍራሾች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የቅየሳ ሥዕሎች ሲያዩ ቆዩ። ልጆቹ እዚያ ቤት ከገቡ ወዲህ መጥተው አያውቁም ነበር። በመጨረሻ ማሊያ እንዲለብሱላቸው ለመኗቸው።

ልጆቹ እኔን ተመለከቱኝ። ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው ብዬ ወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር መልሱን ለመስማት አቅም አልነበረኝም። ጀላል እንደመለሰላቸው ኋላ ሰማሁ። እንጫወታለን፤ ግን ፈተናችን በማግሥቱ ስለሆነ ለልምምድ አንመጣም፤ ከርሞም ማንም ተማሪ ኳስ ስላልተጫወተ አልጋውን አይነጠቅ ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ገብረወልድ ቃል ሰጡት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደንቡን አስለውጠው በሰሌዳ አስለጥፈዋል፤ እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ።

ጨዋታው ስታዲየም ነበር። እኔ ከሰብሪያና ከልጆቼ ጋር በርካሹ ወገን ተቀመጥኩ። ጀላል በቀኝ ክንፍ፣ ቦሩ ፊት ገቡ። እውነቱን ልጻፍልዎ፦ ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። ጀላል ዓመቱን ሙሉ ስላልተጫወተ ከዕረፍት በኋላ እግሩን ጅማት ይይዘው ጀመር። ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ ተነሣ። ተቀይሮ ሊወጣ ይችል ነበር፤ አልወጣም። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የኛ ሰዎች ግማሾቹ ቀድመው ሄደው ነበር። የቀሩት ግን ቆመው አጨበጨቡላቸው፤ ሰብሪያ ኳስ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ቆመች። በመውጫው በኩል ሳገኘው ላብ በላብ ሆኖ ጫማውን በእጁ ይዟል። «ወረድን» አለኝ። እኔም አዎ፣ ወረድን አልኩት። በእግራችን እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ነገው ፈተና ነበር የሚያወራኝ።

ፈተናውን አለፈ። ስድስቱም አልፈዋል። አቶ ገብረወልድ ወደ አሠልጣኝነቴ እንድመለስ ጠየቁኝ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን የኔ ቦታ ነው፤ እመለሳለሁ አልኳቸው፤ ቤቱን ግን አልጠየቅሁም። ለከርሞም አልጋ ያጣ ልጅ አይጠፋም። ሰብሪያም የአስኮን ጎረቤቶች ለምዳለች።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ጀላል ጅዳ አይመጣም። የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ቀጥሮት ወደ ለቀምት መድቦታል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚወጣውን መንገድ ይቀይሳል፤ በጳጉሜን ይነሣል። ለእርስዎ ራሱ ሊጽፍ ጀምሮ ብዙ ወረቀት ቀደደ። በመጨረሻ በእኔ ደብዳቤ ውስጥ ይህን ብቻ እንድጽፍለት ነገረኝ፦ «አባዬ እኔ ዘንድ ይምጣ። ጠዋት ጠዋት እኔ አነሳዋለሁ።»

መልስዎን እንጠብቃለን።

ታናሽዎ ሰይፈዲን


ጅዳ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሰይፈዲን

ሰላም ይክበብህ። ይህን ወረቀት ቆሜ ነው የምጽፍልህ፤ መቀመጥ ከብዶኛል።

ዓርብ ወደ ሰዎቹ ሄድኩ። የኮሌጅ ልጆች አይከርሙም ያለኝን ያን ሰው ሰላም አልኩት። ሦስት ለአንድ ተሸንፈን ወረድን፤ ልጄ ግን ጨዋታውን ሳይወጣ ጨረሰ፣ በማግሥቱም ተፈትኖ አለፈ ብዬ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀና ሻይ አዘዘልኝ።

የምሳፈርበትን መርከብ ሰው እየጠየቀልኝ ነው። ዕቃ የለኝም፤ አንድ ሻንጣ ናት። ለጀላል እስካሁን እንዳትነግረው፤ ወገቤ መንገዱን ይችል እንደሆነ ገና አላውቅም።

አንተ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ከዚያ አገር የሚመጡ ሾፌሮች አስኮ በኩል ያልፋሉና፣ ለቀምት የመኪና ጋራዥ እንዳለ ጠይቅልኝ። መኪና ሥር መግባት አልችልም በላቸው፤ ቆሞ የሚሠራ ከሆነ ግን እችላለሁ።

ወንድምህ አብደላ